በክረምት ዝግጅታችን የሚዘነጉት ወረቀቶችና መድኃኒቶች

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ጎርፍና ናዳ ጥንቃቄ የምታወጧቸውን ጽሑፎች በትጋት እከታተላለሁ። ስለ ስንቅ ለጎጃም ሰው ብዙ መምከር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ በሶም ሆነ ቆሎ ሳያዘጋጅ የሚከርም ቤት ጥቂት ነው። በድንገት ከቤት ሲወጣ የሚረሳው ሌላ ነገር መሆኑን በደብረ ማርቆስ በመድኃኒት ቤት ሥራዬ ደጋግሜ ስለማይ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

አዛውንቶች ይመጡና «የግፊት ክኒኔን ቤት ትቼው ወጣሁ፤ ነጭ ናት፣ ክብ ናት፣ ጠዋት ጠዋት የምወስዳት» ይሉኛል። ነጭና ክብ የሆነ የግፊት ክኒን ግን ብዙ ዓይነት ነው፤ አምሎዲፒን ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሊሆን ይችላል፣ አምሎዲፒን መሆኑ ቢታወቅ እንኳ ባለ 5 ይሁን ባለ 10 ሚሊግራም ካልተረጋገጠ በግምት አይሰጥም። የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት፣ ወይም ስሙ የሚነበብበት ባዶ ማሸጊያ በቦርሳው ውስጥ ቢገኝ ይህ ሁሉ መጉላላት ይቀር ነበር። የዓባይ በረሃ መንገድ በናዳ ሲዘጋ መድኃኒት ሊዘገይ ስለሚችል፣ በሐኪም ፈቃድ ቢያንስ የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ መያዝም ተገቢ ነው። የስኳር ሕሙማን ደግሞ የተከፈተ ኢንሱሊን ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ቀዝቃዛ ቦታ ለ4 ሳምንት ያህል እንደሚቆይ አውቀው መርፌውንም አብረው ያስቀምጡ።

ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ የሰነድ ነገር ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልጆች የክትባት ካርድና የጤና መድን መታወቂያ በአብዛኛው በጨርቅ ተጠቅልለው ሣጥን ሥር ይቀመጣሉ፤ ጨርቅ ደግሞ ውሃ ይመጥጣል እንጂ አይከላከልም። ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አድርጎ አፉን ሁለት ጊዜ አጥፎ ማሰር፣ ቅጂውንም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ መስጠት ብዙ ወጪ የለውም። በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ መልካም ቢሆንም፣ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ፎቶውም የዘመድ ቁጥሩም አብረው ስለሚታጡ ዋና ዋና ቁጥሮችን በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ በስልክ ብቻ መተማመን የት እንደሚያደርስ አይተናልና ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ ያውም መልስ እንዳያስቸግር በባለ 10ና ባለ 50 ብር የተመነዘረ፣ ከሰነዱ ጋር ይቀመጥ።

መነጽር የሚያደርግ ሰው አሮጌውን መነጽሩን አይጣለው፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ይሆነዋል። የወር አበባ መጠበቂያን በይሉኝታ ምክንያት ከዝርዝሩ የሚያወጡ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው፤ ሴቶች ልጆቻችን ግን በመጠለያ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚቸገሩበት እርሱ ነው። ውሃን በተመለከተ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ስለሚታሰብ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5 ሰው ላለበት ቤት የአንድ ቀን ብቻ ነው። የምንጭ ውሃ መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና ውሃ በደጋ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፈው ለባለቤቱ ቢተዉለት፣ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ትልቅ እርዳታ ይሆናል። ዝግጅት ክፍሉም ሰኔ ሳይገባ ይህን ጉዳይ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በማንሣት መልሳቸውን እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የመድኃኒት ባለሙያ
ከደብረ ማርቆስ