እንግዳውን የፈረሰ ሰፈር አትላኩት

ለአዘጋጁ፣

ስለ አዲስ አበባ ምሽት ለእንግዶች ያወጣችሁትን መመሪያ አነበብኩት፤ እባካችሁ አስተካክሉት። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙዎቹ አዝማሪ ቤቶች አብረው ሄደዋል፣ እናንተ ግን ዛሬም ሰውን ወደዚያ ትልካላችሁ። ሰዓቱንም ግልጽ አድርጉት፤ "3 ሰዓት" ስትሉት ፈረንጁ በራሱ አቆጣጠር ወስዶት፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሆነው ሊመስለው ይችላል። በሁዳዴ ብዙው ቤት ጭር ይላል፣ ይህም አልተጻፈም።

ከሁሉም ያናደደኝ ስለ አዝማሪው ምንም አለማለታችሁ ነው። ማሲንቆውን ይዞ፣ የገባውን ሰው እያየ እዚያው ስንኝ ይቋጥራል፣ ታዳሚውም "ተቀበል" ብሎ ግጥም ያቀብለዋል፣ ደስ ሲለው ይሸልመዋል። የሚኖረው በዚያ ሽልማት ነው። እንግዳው ዝርዝር ብር ይያዝ በሉት፣ ቪዲዮ ከመቅረጹ በፊትም ያስፈቅድ።