እማዬ፣ የአደይን ስም ጠይቀሽኝ ነበር

እማዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ደብረ ብርሃን ብርዱ በርትቷል አሉ፣ ያንን የመንዝ ባና እየለበስሽው ነው ወይስ አሁንም ለእንግዳ ብለሽ ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል? ደብዳቤውን የእህቴ ልጅ ታንብብልሽ፣ ቀስ በይ በያት፣ ስታነብ ውሻ ያባረራት ነው የምትመስለው።

ያን ቀን በስልክ «አደይ በፈረንጅ አፍ ምን ይባላል?» ስትይኝ «መስቀል ዴይዚ» ብዬሽ ቸኩዬ ዘጋሁት፣ ኋላ ቆጨኝና ቁጭ ብዬ ሳነብ አመሸሁ። ዴይዚ በድሮው እንግሊዝኛ «የቀን ዓይን» ማለት ነው፣ ማታ ተከድና ጠዋት ስለምትገለጥ ነው አሉ፣ ግን እሷ የነሱ አገር አበባ ናት፣ ዙሪያዋ ነጭ መሀሏ ቢጫ፣ ለኛው ስሟን አዋሱት እንጂ አደይ አይደለችም።

የሳይንስ ስሙ ደግሞ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ቢደንስ በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፣ ጥርሱን ከየት አመጣው እንዳትይ ከፍሬው ነው። ጥጃ ፍለጋ ውዬ ስመጣ ሱሪዬን የሚወርሰኝ ጨጎጊት ትዝ ይልሻል አይደል፣ ማታ በኩራዝ እያጉረመረምሽ አንድ በአንድ የምትለቅሚልኝ? ለካ እሱ የአደይ ዘመድ ነው፣ ከዚሁ ከቢደንስ ወገን! ባለፈው አንዱን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁት፣ ጥቁር ቀጭን እንደ መርፌ፣ ጫፉ ላይ እንደ ሹካ ጥርስ አለው፣ ጥርሱ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች፣ ለዚህ ነዋ አልነቀል እያለ ጣትሽን የሚያደማው። ማክሮፕቴራ ግሪክ ነው፣ ትልቅ ክንፍ ያለው እንደማለት።

ይሄም ይሻላል እኮ እማዬ፣ በፊት የመደቡት ኮሪዮፕሲስ ከሚባለው ወገን ነበር፣ እሱ በግሪክ «ትኋን የሚመስል» ማለት ነው፣ ፍሬው ትኋን ይመስላል ብለው! አደይን! ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ። ከዚያ አውጥቶ ወደ ቢደንስ ያዛወረው የኛው ሰው ነው፣ መስፍን ታደሰ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ፣ እና ስሙ በሙሉ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «መስፍን» የሚል አለበት፣ ምነው አባባ በሕይወት ኖሮ በሰማ አልኩ። አባባ እንኳ እንደ ቄስ ትምህርት ልማዱ ሁሉንም ጽጌ ነበር የሚለው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ነው እያለ።

ትግሬዎቹ ገልገለ መስቀል ይሉታል፣ እነሱ እንደኛ ቀኑን ነው ያዩት፣ ፈረንጅ ግን አበባው ረግፎ ፍሬ ሲያደርግ የደረሰ ነው የሚመስለው። በኦሮምኛ ደግሞ ኬሎ ነው፣ ከሰላሌ የመጡት ጎረቤታችን ልጅ ኬሎ ለካ አደይ ኖራለች፣ ስንት ዓመት ስንጠራት!

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ፣ አብሮኝ የሚሠራ የመቀሌ ልጅ አለ፣ ሰሞኑን ስልክ ይዞ «ኣደይ፣ ኣደይ» ሲል ሰማሁና ስለ አበባው የሚያወራ መስሎኝ ጆሮዬን ጣልኩ፣ ሲጨርስ ብጠይቀው በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው አለኝ። ሙሉ ቀን ከአፌ አልወጣ አለ እልሻለሁ።

በይ እንግዲህ፣ መስከረም 16 ለደመራ እመጣለሁ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ከአጥሩ ሥር ያለውን አደይ ልጆቹ ለችቦ ብለው እንዳይጨርሱት፣ ትንሽ ይቅርና ሲደርቅ ፍሬውን በጨርቅ ቋጥሪልኝ፣ ጥርሱን ልቆጥረው ነው። የዓይን ጠብታሽን ደግሞ እንዳትረሺ፣ ጠዋትና ማታ ነው ያሉት።

ልጅሽ