ብረት 56 አንደኛ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ከሁሉም ጠብቆ የተሳሰረው ኒውክሊየስ (የአቶም እምብርት) ብረት 56 ነው» የሚለው አባባል በክፍል ውስጥም በጋዜጣም ሳይታረም ዘልቋል። 56 የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው፤ እያንዳንዳቸው ኒውክሊዮን ይባላሉ። የትስስር ጉልበቱ፣ ማለትም ኒውክሊየሱን ወደ ኒውክሊዮኖቹ ለመበተን የሚያስፈልገው ጉልበት፣ ለአንድ ኒውክሊዮን ሲካፈል ብረት 56 የሚደርሰው 8.790 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ) ነው፤ ኒኬል 62 ግን 8.795 አለው። ብረት 58ም ይበልጠዋል። ብረት 56 የሚቀድመው በሌላ ነው፤ ለአንድ ኒውክሊዮን የሚደርሰው መጠነ ቁስ ከሁሉም ያንሳል። ኒኬል 62 ከፍ ያለ የኒውትሮን ድርሻ ስላለው፣ ኒውትሮንም ከፕሮቶን ስለሚከብድ፣ በዚህኛው ሚዛን ወደ ኋላ ይቀራል።

ክርክሩን የፊዚክስ ሊቁ ቫይትሴከር እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው፣ ኒውክሊየስን እንደ ፈሳሽ ጠብታ ቆጥሮ የትስስር ጉልበቱን በሚገምተው ቀመር መቋጨት አይቻልም። በቅደም ተከተል ለይዘት፣ ለገጽታ፣ ለፕሮቶኖች መገፋፋት፣ ለኒውትሮን ብልጫና ለጥንድነት በተለመዱት ማባዣዎች 15.75፣ 17.8፣ 0.711፣ 23.7 እና 11.18 ብናሰላው ለብረት 56 የይዘቱ ድርሻ 882 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይመጣል። ከዚህ ለገጽታ 260.5፣ ለፕሮቶኖች መገፋፋት 125.6፣ ለኒውትሮን ብልጫ 6.8 ተቀንሶ፣ ለጥንድነት 1.5 ሲደመር 490.6 ይሆናል። የተለካው 492.3 ነው። ግሩም ቅርበት ነው፤ ነገር ግን ጉድለቱ ለአንድ ኒውክሊዮን 0.03 ሲሆን፣ በብረትና በኒኬል መካከል ያለው ልዩነት 0.005 እንኳ አይሞላም።

አምስቱ ማባዣዎች አብረው የተገጣጠሙ ስለሆኑ ከተለያዩ መጻሕፍት መቀላቀል አይገባም። እነዚህ የተሰሉት በመገፋፋቱ ድርሻ ውስጥ የፕሮቶን ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ነው። በምትኩ ከራሱ አንድ በተቀነሰለት ቁጥር ቢባዛ ውጤቱ በ4.8 ያብጣል።

ስለዚህ ደረጃ የሚወስነው ልኬት ነው። የ26 ሃይድሮጅን አቶሞች (እያንዳንዱ 1.007825 በአቶማዊ የመጠነ ቁስ መለኪያ) እና የ30 ኒውትሮኖች (1.008665) ድምር ላይ የብረቱን አቶም 55.934936 ቀንሱ። የሚቀረው 0.528464 መጠነ ቁስን ወደ ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በሚለውጠው 931.494 ሲባዛ 492.26 ይሰጣል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሃይድሮጅን አቶም ፈንታ ፕሮቶንን ብቻ ይወስድና 26 ኤሌክትሮኖችን ይረሳል። 13.3 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይጠፋል። ሃይድሮጅንን 1.008 ብሎ ማጠጋጋት ደግሞ ብቻውን 4.2 ይጨምራል።

መምህራንን አጥብቄ የምለምነው የቀመሩን ጉድለት እንዳይደብቁ ነው። ለእርሳስ 208 ቀመሩ 1624 ሲል ልኬቱ 1636 ይላል። የጠብታው ቀመር የማያውቃቸው ሽፋኖች፣ ማለትም ኒውክሊዮኖች የሚደረደሩባቸው እርከኖች፣ በ82 ፕሮቶንና በ126 ኒውትሮን እዚያ ሞልተዋል፤ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሜየርና የንሰን ምክንያቱን ያስረዱት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ተማሪዎች ከልኬቱ ላይ ቀመሩን ቀንሰው ትርፉን በኒውትሮን ቁጥር አንጻር በግራፍ ቢስሉ፣ በ50፣ በ82 እና በ126 ላይ ጉብታዎቹን በገዛ እጃቸው ያወጧቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር