ለሁለት ክፍል ቤት ስምንት አንቴና ለምን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ቤት ራውተር አመራረጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጭብጡ አቅም እስከፈቀደ ድረስ አንቴናው የበዛውን፣ ጉልበቱ የበረታውን ግዙ የሚል ነው። ሰፊ ቤት ላለው ሰው ይጠቅም ይሆናል። እኔ የምኖረው ግን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርታማ ነው። ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም ሰው አለ። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ምክራችሁን ቢከተል ገንዘቡን ማባከኑ ሳያንስ የጎረቤቶቹንም ኢንተርኔት ያውካል። አድርጌው ስላየሁት ነው የምጽፍላችሁ።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። ቀን ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ በቪዲዮ አስጠናለሁ። አምና ለወራት ያህል፣ ልክ ሲመሽ ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ድምፄ ይቆራረጣል። እኩልታውን ፈትቼ ቀና ስል ተማሪዎቼ ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ናቸው። ፈተና የደረሰባት አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ የመጨረሻው አልተሰማኝም» እያለች አራት ጊዜ ስታስደግመኝ አላስቻለኝም። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ከሁሉም የበረታውን ራውተር ስጡኝ አልኩ። የሰጡኝ ስምንት አንቴና የተተከለበት፣ ካርቶኑ ላይ «ኤሲ 5400» የሚል በትልቁ የተጻፈበት ዕቃ ነበር።

ጽሑፋችሁም ዕቃዎቹን ያወዳደረው በዚሁ ዓይነት ቁጥር ስለሆነ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ዕቃው ውስጥ ሦስት ሬዲዮዎች፣ ማለትም ሞገድ የሚልኩና የሚቀበሉ ክፍሎች፣ አሉ፤ አንዱ እስከ 1000፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው እስከ 2167 ሜጋቢት በሰከንድ ይደርሳሉ ተብሎ ይሰላል። ሲደመር 5334 ይመጣል፤ ካርቶኑ ላይ ወደ 5400 ከፍ ይላል። ላፕቶፔ ግን በአንድ ጊዜ የሚነጋገረው ከአንዱ ሬዲዮ ጋር ብቻ ነው። ሁለት አንቴና ብቻ ስላለውም በዚያ ዓይነት ራውተር ላይ ቢበዛ 867 ላይ ይቆማል፤ እሱም በወረቀት ነው፣ በተግባር ከግማሹ ጥቂት ከፍ ያለውን ያገኘ ሰው መልካም አገኘ። ከዚያ ደግሞ እኔ የምከፍለው ለ100 ሜጋቢት መስመር ነው። ከ5400 ተነስተን 100 ደረስን ማለት ነው። የሦስት መኪኖችን ፍጥነት ደምሮ አንዱ ተሳፋሪ በድምሩ ይጓዛል ብሎ የሚመልስልኝን ተማሪ አላሳልፈውም፤ ጋዜጣም ይህን ድምር እንደ ፍጥነት ባያትም ደስ ይለኛል።

አዲሱ ራውተር ከገባ በኋላም ምሽቱ ያው ምሽት ሆነ። በሳምንቱ በሬ ተንኳኳ። ከላይ ፎቅ የሚኖሩት፣ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ መገናኛ ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ጎረቤቴ ነበሩ። «ልጄ፣ አዲስ ራውተር አስገብተሽ ነው? እኛ ቤት ኔትወርኩ ከሰሞኑ አልሆነም» አሉኝ። ስልካቸው ላይ በዙሪያችን ያሉትን ዋይፋዮች ከነቻናላቸው፣ ማለትም ከሚጠቀሙበት የሞገድ መስመር ጋር፣ የሚያሳይ መተግበሪያ ነበራቸው። ሳሎኔ መሐል ቆመን ቆጠርን፤ 31 ሆኑ። የእኔው ከሁሉም ጎልቶ፣ ሰፊ ቦታ ይዞ ተንሰራፍቷል። አፈርኩ።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ላፕቶፔን በገመድ ራውተሩ ላይ መሰካት ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 94 ሜጋቢት ለካን። ገመዱን ነቅለን እዚያው አጠገቡ በዋይፋይ ስንለካ 60 ገደማ፣ መኝታ ቤት ገብተን ስንለካ 9 ሆነ። እስከ ቤቴ የሚመጣው መስመር ጤነኛ ነው፤ የታመመው ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ያለው የጥቂት ሜትር አየር ነው። ማንም ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ይህችን ልኬት ያድርግ። በገመድም ቀርፋፋ ከሆነበት ጉዳዩ ከመስመሩ አቅራቢ ጋር ነው፤ የትኛውም ራውተር አያድነውም።

ያን ምሽት ያስረዱኝን አልረሳውም። ዋይፋይ የሚሠራው በመደማመጥ ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ፣ የእኔም የጎረቤትም፣ ከመናገራቸው በፊት ያዳምጣሉ፤ ሌላው እየተናገረ ከሰሙ ይጠብቃሉ። ጉልበተኛ ራውተር ስተክል ሁለት ፎቅ ርቀው ያሉ መሣሪያዎች ሳይቀሩ ስለሚሰሙኝ ዝም ብለው ይጠብቁኛል። እኔ ግን በዚህ አላተርፍም። የስልኬና የላፕቶፔ ድምፅ እንደ ድሮው ደካማ ነው፤ ራውተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ የእነሱ መልስ በሰፈሩ ጫጫታ ይዋጣል። ስልኬ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሞልቶ እያየሁ ምስሉ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነበር፤ ራውተሩን እሰማዋለሁ፣ እሱ ግን አይሰማኝም።

ቦታውም ጠባብ ነው። የቤት ዋይፋይ በብዛት የሚሠራው በሁለት የሞገድ ክልሎች፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በአብዛኛው ዓለም 13 ቻናሎች አሉ ይባላል እንጂ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ጎን ለጎን እንዲሠሩ በተለምዶ የሚመረጡት ሦስቱ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። በሕንፃችን ከ31ዱ 22ቱ እዚያ ተጨናንቀው ነበር። የእኔ ራውተር ደግሞ በፋብሪካ እንደተሞላለት የቻናሉን ስፋት 40 ሜጋኸርዝ አድርጎ የሁለት ሰው ድርሻ ይዞ ተቀምጧል። ወደ 20 አወረድነው። እኔ ደግሞ ቻናል 3 ባዶ ስለሆነ እዚያ እንግባ ብዬ ነበር፤ ጋሼ ከለከሉኝ። መሐል የገባ ሰው የ1ንም የ6ንም ንግግር የሚሰማው እንደ ጫጫታ ነው፣ ተራ መጠበቅም አይችልም፤ እነሱም እሱን እንዲሁ። ከአንዱ ጋር ቻናል ተጋርቶ ተራ መጠበቁ ይሻላል።

ጽሑፋችሁ 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲሻገር ይዳከማል ብሎ እንደ ጉድለት ቆጥሮበታል። አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው! የጎረቤቴ ሞገድ ኮንክሪቱን ሲያልፍ ተዳክሞ ይደርሰኛል፤ የእኔም እሳቸው ጋ እንደዚሁ። ቻናሎቹም ከ2.4 ይልቅ ብዙ ናቸው። ከራውተሩ እስከ አልጋዬ 7 ሜትርና አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው ያለው፤ ይህን 5 ጊጋኸርዝ ይችለዋል። ላፕቶፔ ግን 2.4 ላይ ተጣብቆ የቀረው ራውተሩን በር አጠገብ ካለው የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ከትልቅ መስታወት ጀርባ ስላስቀመጥኩት ነበር። ብረትም ሆነ የመስታወት ጀርባ ቅብ ሞገድን ይመልሳሉ፤ ውሃ ይመጠዋል፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ከአጠገቡ መራቅ ነው። ረዘም ያለ ገመድ ስበን ራውተሩን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ካለው የመጻሕፍት መደርደሪያ አናት ላይ አወጣነው። አንቴናዎቹን ቀጥ አድርገን አቆምናቸው፤ ሞገዱ በብርታት የሚወጣው ከዘንጉ ዙሪያ ነው፣ ከጫፉ አይደለም። ለ2.4 እና ለ5 የተለያየ ስም ሰጥተን ላፕቶፑን 5 ላይ አስገባነው። መኝታ ቤት 9 የነበረው 88 ሆነ። እስከዚህ ድረስ ምንም አልገዛንም። የድሮው ትንሽ ራውተሬም ከዚያ ሳጥን ቢወጣ ኖሮ ይህን ይሠራው ነበር።

የድሮውን እንዳልመልሰው ግን አምራቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ መላክ ካቆመለት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጽሑፋችሁ ያላነሳው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ራውተር ሌት ተቀን ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ነው፤ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍነው የአምራቹ ማሻሻያ ነው። ያልተቀየረ የይለፍ ቃልም ሌላው ቀዳዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በረቀቀ ዘዴ አልነበረም፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የነበሩትንና ማንም ያልቀየራቸውን ስሞችና የይለፍ ቃሎች፣ 60 ያህል ጥንዶችን፣ አንድ በአንድ እየሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ግንቦት ላይ ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የተባለው ሌላ ተንኮለኛ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎች ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሰዎች የቤት ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ እስከ መጠየቅ ደርሷል።

አንድ ነገር ለብቻው ልጨምር፤ ተማሪዎቼን ስለ መቁጠር ሳስተምር የምጠቀምበት ምሳሌ ነው። ብዙ ራውተሮች የይለፍ ቃል ሳይጻፍ በ8 አሃዝ ቁጥር መገናኘት የሚያስችል ደብሊውፒኤስ የሚባል መንገድ አላቸው። 8 አሃዝ ሲባል 100,000,000 አማራጭ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይፋ የሆነው ድክመት ግን ይህ ነው፤ ራውተሩ የመጀመሪያዎቹን 4 አሃዞች ለብቻ ትክክል ናቸው ወይም አይደሉም ብሎ ይመልሳል። ከቀሩት 4 ደግሞ የመጨረሻው ከፊተኞቹ የሚሰላ ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ ሰባሪው የሚሞክረው መጀመሪያ 10,000፣ ቀጥሎ 1,000፣ በጠቅላላው ቢበዛ 11,000 ብቻ ነው። ማባዛት የነበረበት መደመር ሆነ። ክፍል ውስጥ ይህን ስጽፍ ልጆቹ ዝም ብለው ሰሌዳውን ያያሉ፤ ከዚያ ማታ ቤታቸው ገብተው ደብሊውፒኤስን እንዳጠፉ የነገሩኝ አሉ።

ትልቁን ዕቃ ሰፊ ቤት ላለው ዘመዴ ሰጥቼ አነስተኛ ገዛሁ፤ የዋይፋይ 6 ትውልድ፣ ሁለት ሬዲዮ ያለው። ትውልዱን የመረጥኩት ለፍጥነቱ ብዬ አይደለም። ዋይፋይ 5 የሚባለው 5 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው ያሻሻለው፤ ዋይፋይ 6 ግን 2.4ንም ይጨምራል፣ በአንድ ተራም ለብዙ መሣሪያዎች ማደል ይችላል፣ ይህ ደግሞ በተጨናነቀ ሕንፃ ውስጥ ለውጥ አለው። ከጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ዋይፋይ 7 ለ100 ሜጋቢት መስመርና ለሁለት ክፍል አያስፈልገኝም። ብዙ ሣጥን እየተቀባበለ ሞገድ የሚያዳርሰው ሜሽ የሚባለውም እንዲሁ፤ በእኔ ቤት ሁለተኛው ሣጥን ሌላ ጫጫታ ነው። ከሁሉ ይልቅ የጠየቅኩት የማሻሻያው ዘመን እስከ መቼ እንደሆነ፣ ደብሊውፒኤ 3 የተባለው ጥበቃ መኖሩን፣ የሬዲዮው ጉልበት ሊቀነስ መቻሉን ነበር። ይቀነሳል፤ መካከለኛው ላይ አድርጌዋለሁ። ጋሼ በሳምንቱ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ እሳቸው ቤትም እንደተሻለ ነገሩኝ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የራውተር ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ስታወጡ የአንቴና ብዛትንና የካርቶኑን ድምር ትታችሁ፣ አምራቹ እስከየትኛው ዓመት ማሻሻያ እንደሚሰጥ፣ የገመድ መሰኪያዎቹ 100 ይሁኑ 1000 ሜጋቢት፣ ከፋብሪካ የሚመጣው የይለፍ ቃል ለእያንዳንዱ ዕቃ የተለየ መሆኑን ጻፉልን። መሰኪያውን ማንሳቴ ካርቶናቸው ላይ 1200 ተጽፎ መሰኪያቸው 100 ብቻ የሆኑ ስላሉ ነው፤ የ300 ሜጋቢት መስመር ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ቢገዛ ከሚከፍልበት ሁለት ሦስተኛው ይቀርበታል።

ሁለተኛው እርማት ነው። በጽሑፉ ሦስተኛ አንቀጽ «300 ሜጋባይት በሰከንድ» ተብሎ የታተመው «300 ሜጋቢት በሰከንድ» ተብሎ ይስተካከል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በባይት ሲሰላ የሚገኘው 37.5 ነው፤ በዚያ ስህተት ተማምኖ መስመር የሚመርጥ አንባቢ እንዳይኖር እርማቱ በቀጣዩ ዕትም፣ እዚያው ዓምድ ላይ ቢወጣ እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ የሆንኩ የሒሳብ መምህርት