ኪሎው ደህና ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ በጤና ዓምዳችሁ «ልጄ ምግብ አልበላ አለኝ» ላሉ እናት «ሳህኑን ያንሱበት፤ ሲርበው ይበላል» የሚል መልስ ተሰጥቷል። ለብዙ ልጅ ይሠራል። እኔም 31 ዓመት በጤና ጣቢያ ነርስነት ስሠራ ስንቷን እናት በዚሁ ቃል ሸኝቻለሁ። ልጁን ሚዛኑ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ካርዱ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ፣ «ኪሎው ደህና ነው፣ ሂጂ» እላለሁ።

የልጅ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚበላው ሱጎ ያልነካው ፓስታ፣ የተቀቀለ ድንችና አንድ ዓይነት ብስኩት ብቻ ነበር። የብስኩቱ መጠቅለያ ቀለሙ ሲቀየር እሱንም ተወው። ወጥ የነካው እንጀራ ካየ ከትሪው ይሸሻል። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ ቡና ሲወቀጥ ጆሮውን ይይዛል፤ ቆርኪ ሲደረድር ይውላል። ሁሉንም አይቻለሁ፤ አንድ ላይ አላያያዝኩትም እንጂ። እናቱን «አሞላቀቅሽው» እያልኩ ከረምኩ።

አንድ ቀን እሷ ሥራ ስትሄድ አፍንጫውን ይዤ ሽሮ በእንጀራ አጎረስኩት። ትን ሊለው እንደሚችል ለእኔ ለነርሷ ማን ይንገረኝ? አስመለሰው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ ስገባ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር።

ሐኪሙ ኦቲዝም (ልጁ ከሰው የሚግባባበትን፣ ድምፅና ጣዕም የሚሰማበትን መንገድ የሚለውጥ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ) ነው ካሉን በኋላ ልጄ አንድ ጥናት አነበበችልኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል አካባቢ የተወለዱ ልጆችን የተከታተለ ነው። ኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ልጆች ገና በ6 ወራቸው ሲመገቡ ዝግ ይሉ ነበር፤ ከ15 ወር ጀምሮ ደግሞ ምግብ ይመርጡ ነበር። ክብደትና ቁመታቸው ግን ከሌሎቹ አልተለየም። ታዲያ ሚዛኔ ምን ሊነግረኝ ኖሯል! የእኛም ልጅ ኪሎው ሙሉ ነው፤ ደሙ ሲመረመር ግን ብረት አንሶት ተገኘ።

ምግብ የሚመርጥ ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት አላልኩም። ግን የዓምዱ አዘጋጅ ለእናትየዋ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ልጁ ምን ምን እንደሚበላ፣ ሲጠሩት ይዞር እንደሆነ፣ ስንት ቃል እንደሚናገር ቢጠይቋቸው ኖሮ።

አሁን ለልጁ ሳህኑን ለብቻው አድርገንለታል። ከፓስታው ጎን አንዲት ቁራሽ ደረቅ እንጀራ አስቀምጥና ዝም እላለሁ። ማክሰኞ ዕለት በጣቱ ነካ አደረጋትና አሸተታት። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ጡረተኛ ነርስ
ከደብረ ብርሃን