ይድረስ ለአንተነህ፦ እኛ ስላልተጠየቅንበት ጦርነት

ይድረስ ለወንድሜ ለአንተነህ፣
ደብረ ማርቆስ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማማስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድምፅህን ከሰማሁ ስንት ክረምት አለፈ! መጀመሪያ ኔትወርኩ ተዘጋ፤ ሲከፈት ደግሞ የያዝሁት ቁጥር አልሠራ አለ። ወሬህን የማገኘው ከእህትህ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ መዘጋቱንም፣ አንተ ከቤት ሆነህ የጎረቤት ልጆች ሰብስበህ ታስተምር እንደነበርም የነገረችኝ እሷው ናት። አሁን ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በእጅ የሚደርስህን ወረቀት ልጽፍልህ ተቀመጥሁ።

የምጽፍልህ ስለ ኒውክሌር ጦርነት ነው። እዚህ ላይ ስትደርስ ፊትህ ይታየኛል። «እኛ በየሌሊቱ ተኩስ እየሰማን ስናድር፣ አንተ ስዊድን ተቀምጠህ ስላልመጣ ጦርነት ታወራለህ?» ብትል አልፈርድብህም። ግን ጨርሰህ አንብብልኝ። ነገሩ የስዊድኖች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንተን አላስቸግርህም ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

በኖቬምበር 2024 መንግሥት በየቤታችን ቡክሌት ላከልን፤ ጦርነት ቢመጣ ምን እንደምናደርግ የሚናገር ነው። ውኃ አጠራቅሙ፣ የማይበላሽ ምግብ ይኑራችሁ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ግዙ፣ ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ አስቀምጡ ይላል። የኒውክሌር ጥቃት ከሆነ ደግሞ ወደ መጠለያ ግቡ፣ ጨረሩ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ በብዙ ይቀንሳል ይላል። ቡክሌቱ መታደል በጀመረበት በዚያው ሳምንት ፑቲን ሩሲያ ኒውክሌር የምትጠቀምባቸውን ሁኔታዎች የሚያሰፋ ሰነድ ፈረመ። ከሁለት ቀን በኋላ ኦሬሽኒክ የሚባለውን፣ የኒውክሌር አረር መሸከም የሚችለውን አዲስ ሚሳይል ዲኒፕሮ በምትባል የዩክሬን ከተማ ላይ ተኮሱ። ያን ዕለት ኒውክሌር አልጫኑበትም። መጫን እንደሚችሉ ግን ዓለም ሁሉ እንዲያይ ፈልገው ነበር።

የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ መጠለያ አለ። ብርቱካናማ መደብ ላይ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን የተሣለበት ምልክት ተለጥፎበታል፤ በሩ ወፍራም ብረት ነው፤ ስትዘጋው የውጭው ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። ውስጡን የሞላው ብስክሌትና የሕፃናት ጋሪ ነው፤ የእኔም ብስክሌት የምታድረው እዚያው ነው። ደንቡ ክፉ ቀን ከመጣ በሁለት ቀን ውስጥ ዕቃው ወጥቶ ለሰው ይዘጋጅ ይላል። በአገሪቱ እንዲህ ያለ መጠለያ 64,000 ያህል አለ፤ ሰባት ሚሊዮን ሰው ያስጠልላል ይባላል። ቤታቸው እየሄድሁ የምንከባከባቸው አንዲት አዛውንት አሉ። ቡክሌቱን ሳሳያቸው አልደነገጡም፤ ልጅ ሳሉ እናታቸው የዚያን ጊዜውን ከመሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠው እንደነበር ነገሩኝ። የመጀመሪያው የታተመው በ1943 ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ።

ካነበብሁት አንዱን ልንገርህ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1995 ጠዋት፣ አንዶያ ከምትባል የሰሜን ኖርዌይ ደሴት፣ የኖርዌይና የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ሮኬት አመጠቁ። ሊያጠኑ የፈለጉት የሰሜን ብርሃን የሚባለውን፣ በክረምት ሌሊት ሰማዩን አረንጓዴ የሚያለብሰውን ነገር ነው። ኖርዌይ ሮኬቱን እንደምታመጥቅ ለሩሲያ አስቀድማ አስታውቃለች፤ ማስታወቂያው ግን ራዳር ላይ ለተቀመጡት ሰዎች አልደረሰም። እነርሱ ያዩት ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተተኮሰ የአሜሪካ ሚሳይል የሚመስል ነገር ነው። ወሬው ከራዳር ጣቢያው ወደ ጄኔራሎቹ፣ ከጄኔራሎቹ ወደ ሩሲያው ፕሬዚዳንት ወደ የልሲን ደረሰ። የኒውክሌር ትእዛዝ የሚተላለፍበት ቦርሳ ፊቱ ተከፈተ። ያላቸው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሮኬቱ ወደ ሩሲያ እንደማይሄድ ሲረጋገጥ ቦርሳው ተዘጋ፤ ሮኬቱም ስፒትስበርገን ከምትባል የኖርዌይ ደሴት አጠገብ ወደቀ።

እኔን የሚያስፈራኝ ዘመኑ ነው። ሶቪየት ፈርሳ፣ የልሲንና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎቶ የሚነሡበት ጊዜ ነበር። በ1983 ጠቡ በከረረበት ወቅትም ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር፤ የሶቪየት ሳተላይት በደመና ላይ ያንጸባረቀ ፀሐይ አሳስቶት አምስት ሚሳይል መጣ ብሎ ሲጮህ፣ ተረኛው ሌተና ኮሎኔል ፔትሮቭ «ይህ የመሣሪያው ስሕተት ነው» ብሎ አሳለፈው። ልክ ነበር። በዚያ ሌሊት ተረኛው ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ማን ያውቃል? ዛሬ ደግሞ ሞስኮና ዋሽንግተን እንደ 1995 አይደሉም። የሁለቱን አረሮች ብዛት ይገድብ የነበረው የመጨረሻው ትልቅ ስምምነት፣ በ2010 ፕራግ ላይ የተፈረመው፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ዘመኑ አበቃ።

በ1986 ዓለም ላይ 70,000 ያህል የኒውክሌር አረር ነበር፤ ዛሬ 12,000 ገደማ ነው፤ ዘጠኝ አገሮች ይዘውታል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ የሩሲያና የአሜሪካ ነው። «ቀንሷል እኮ» ብለው የሚጽናኑ አሉ። እኔ አልጽናናም። ሂሮሺማን ያጠፋችው አንዲት ቦምብ ነበረች፤ እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ 140,000 ያህል ሰው ሞተባት። ዛሬ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ተጭነው ከሚዞሩት ብዙዎቹ የዚያችን ስድስትና ሰባት እጥፍ ጉልበት አላቸው፤ ከዚያም የሚበልጡ አሉ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ቦምብ የለንም፣ ማንም ቦምብ አላነጣጠረብንም፣ ስለዚህ ከሩቅ እናያለን ብዬ አስብ ነበር፤ ብዙ ወገናችንም እንዲሁ የሚያስብ ይመስለኛል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከተሞች ሲነድዱ የሚወጣው ጥቀርሻ ከደመና በላይ ይወጣል፤ እዚያ ዝናብ ስለሌለ የሚያጥበው የለም፤ ለዓመታት ፀሐይን ይጋርዳል። ምድር ትቀዘቅዛለች፣ ዝናቡም ይሸሻል። ኔቸር ፉድ በተባለው መጽሔት በ2022 የወጣ ጥናት ሕንድና ፓኪስታን ብቻ በኒውክሌር ቢዋጉ ከሁለት ቢሊዮን በላይ፣ አሜሪካና ሩሲያ ቢዋጉ ደግሞ ከአምስት ቢሊዮን በላይ ሰው ሊያልቅ ይችላል ብሎ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ የሚበዛውን የሚፈጀው እሳቱ ሳይሆን ረሃቡ ነው። ሕንድና ፓኪስታን በሜይ 2025 ለአራት ቀን በሚሳይልና በድሮን ሲቀጣቀጡ ይህን ቁጥር እያሰብሁ ነበር ዜና የምከታተለው።

ጤፍ ውርጭ እንደማይችል ለአንተ አልነግርህም። ጮቄ ግርጌ ውርጭ የመታውን የአባትህን ገብስ ታስታውሳለህ? በጠዋት ነጭ ሆኖ አደረ፤ ፀሐይ ሲወጣበት ጠቁሮ ተኛ። አባትህ ነፍሳቸውን ይማረውና ዛላውን በመዳፋቸው አሽተው እፍ ሲሉት ገለባ ብቻ ነበር የበረረው። አንድም ቃል አልተናገሩም። ያ የአንድ ሌሊት ውርጭ ነበር፤ የአንድ ማሳ። ሳይንቲስቶቹ የሚሉት ዓመታት የሚዘልቅ ነው፣ ዩክሬንና አሜሪካም ስንዴ የማያበቅሉበት፣ ማንም ለማንም እርዳታ የማይልክበት። በ2022 ያየነው እኮ ያለ ኒውክሌር ነው! ጥቁር ባሕር ላይ ወደቦች ስለተዘጉ ብቻ የዘይትና የስንዴ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ዩሪያ ስንት እንደገባ ለጎጃም ገበሬ አይነገረውም። ለእኛ የተባለው 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ በኦገስት ጅቡቲ የደረሰው መንግሥታት ተደራድረው፣ የተባበሩት መንግሥታት መሐል ገብቶ ነው። ኒውክሌር ከተተኮሰ በኋላ የሚደራደር ወደብም ሆነ የሚጫን ስንዴ አይኖርም። ጦርነቱን አልጀመርንም፣ አልተጠየቅንም፤ የምንሞተው ግን እኛም ነን። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ይህን ቀድሞ በዓለም ፊት የተናገረው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? እኛው ነን። ለዚህ ነው ከሰው ሁሉ መርጬ ለአንተ ለታሪክ መምህሩ የምጽፈው። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቁጥር 1653 የተባለውን ውሳኔ አጸደቀ። አርቅቃ ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ውሳኔው ኒውክሌር መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። ከዚያ ውስጥ አንዱ አንቀጽ ነው የገረመኝ፦ ኒውክሌር የሚጠቀም ወገን የሚዋጋው ከጠላቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰው ዘር ሁሉ ጋር ነው፤ ምክንያቱም በጦርነቱ ያልገቡ ሕዝቦችም መከራውን ይቀበላሉ። ስለ ጥቀርሻውና ስለ ቅዝቃዜው ሳይንሱ ገና ባልተሠራበት ዘመን!

የንጉሡን ዘመን በሌላ በሌላው እንውቀሰው፤ በዚህ ግን ሰዎቹ የሚናገሩትን ያውቁ ነበር። ውሳኔው ከሚጠቅሳቸው የቀድሞ ውሎች አንዱ በ1925 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የመርዝ ጋዝ ክልከላ ነው። ጣሊያን ፈርማበት ነበር። ፈርማም በ1935 እና በ1936 ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ረጨችብን፤ ገበሬውም ከብቱም ውኃውም ተመረዘ። ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ ኒው ዮርክ ላይ ያን ወረቀት ያቀረቡት የዚያች አገር ሰዎች ናቸው።

ምን ፋይዳ አመጣ ትለኝ ይሆናል። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃወሙት። ሶቪየት ደገፈችው፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከፈነዱት ሁሉ ትልቁን ቦምብ፣ 50 ሜጋቶኑን፣ ካፈነዳች ወር እንኳ አልሞላትም ነበር። ፈረንሳይማ በ1960 አልጄሪያ በረሃ ውስጥ መሞከር ጀምራ፣ በአፍሪካ ምድር እስከ 1966 አሥራ ሰባት ጊዜ አፈነዳች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የሠራቻቸውን ስድስት ቦምቦች በገዛ እጇ ፈታታች፤ አፍሪካም በፔሊንዳባ ውል ከኒውክሌር ነፃ አህጉር ሆነች። በ2017 ደግሞ 122 አገሮች መሣሪያውን ጨርሶ የሚከለክል ውል አጸደቁ፤ ከዘጠኙ ባለቤቶች አንዱም አልገባበትም። ከናጋሳኪ ወዲህ ማንም ሰው ላይ አልተኮሰውም። ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም ያቆያቸው፤ ነውር መሆኑም ጭምር ነው። ያን ነውር ነውር አድርገው ያቆዩት ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉት ሰዎች ናቸው፤ ማኅበራቸው በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። እነርሱ ግን አርጅተዋል፣ እያለቁ ነው። መሪዎች ደግሞ ኒውክሌርን እንደ ማንኛውም መድፍ በአደባባይ ሲጠሩት ማፈር ትተዋል። ማሳፈሩን ማን ይረከብ? ቦምቡ ካላቸው አገሮች አልጠብቅም።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። የውሳኔ 1653ን ሙሉ ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ሁለት ገጽ አይሞላም። አማርኛው ሻካራ ከሆነ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ አቅናልኝ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ እንደሆነ በክፍል፣ ካልተከፈተም ለእነዚያው ለሰፈር ልጆች አንብብላቸውና አከራክራቸው። ጦርነት ምን እንደሆነ በዓይናቸው ያዩ ልጆች ናቸው፤ እዚህ ካሉት እኩዮቻቸው የተሻለ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል ከተነሣ እንዳትቆጣው፤ ምክንያቱን ጠይቀህ እንደ ወረደ ጻፍልኝ፤ እኔ ለእሱ የምመልሰው አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ልጅ ከመመለሱ በፊት መልስህን ስጠው፤ ፋሲካን እዚያው ነው የሚውለው።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ልጆቹን እቀፍልኝ፤ ታላቅየዋ አሁን ስንተኛ ክፍል ደረሰች?

ወንድምህ ዳዊት
ጎተንበርግ፣ ስዊድን