ብሩ በሰዓቱ ይምጣ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ለገበሬ ጥሬ ብር ከሰጡት ጠላ ቤት ይጨርሰዋል» ሲባል አሁንም እሰማለሁ። እኔ ያደግሁት ሴፍቲኔት (ምግብ ለሚያጥራቸው የገጠር ቤተሰቦች ብር ወይም እህል የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም) በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በገባበት የወሎ ገጠር ነው። አክስቴ ዛሬም ተጠቃሚ ናቸው። ብር ሲቀበሉ መጀመሪያ የሱቁን ዱቤ ይዘጋሉ። ከዚያ ማሽላ፣ ጨውና ሳሙና። ከተረፈ ለልጆች ደብተር። አንድ ዓመት ተርፏቸው በግ ገዙ፤ ዛሬ ግልገሎች አሏቸው። የታለ ጠላ ቤቱ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ክፍያው ይዘገያል። የጥር ወር ብር መጋቢት ላይ ሲመጣ ሰው በአራጣ ይበደራል፣ ባስ ሲልም በሬውን ይሸጣል። በሬ የሌለው ደግሞ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ግማሹ ምርት የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ክረምቱ ሲቃረብ እህል ይወደዳል፣ ብሩ ግን ያው ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ጣራ ሲነካ ብዙዎች ከብሩ ይልቅ ስንዴውን የመረጡት ወደው አይደለም።

የሚመለከተው ክፍል የክፍያ ቀኑን ያክብር። መጠኑንም ከገበያው ጋር ያስተካክል። ካልቻለ የግንቦትና የሰኔውን በእህል ይስጥ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ